ጃንጥላ የማያስደነብረው አማች

አንድ ቀን ሞጣ ከተማ ውስጥ ስማቸው የሚባል ልብስ ሰፊ፣ ሚስት ሊያገባ ብሎ፣ ጥርሱን ለአማቱ ሊያሳይ ሄደ።

እንዴት ብትሉ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። የልጅቷ አባት አያ እንዳላማው የበቅሎ አዋቂ ናቸው። አርባ ዓመት ሙሉ እሳቸው ጥርስ ፈልቅቀው ሳያዩ፣ ሰኮና አንስተው ሳያንኳኩ፣ ፊቱ ላይ ድንገት ጃንጥላ ዘርግተው መደንበር አለመደንበሩን ሳያጣሩ በሞጣ ገበያ በቅሎ የሚገዛ ሰው አልነበረም። በሙያቸው ማንም አያማቸውም። ችግሩ የመጣው ልጃቸው ያምሮት ለትዳር የደረሰች ጊዜ ነው። ሰውዬው የሚያውቁት የመምረጫ ዘዴ አንድ ብቻ ስለሆነ አማቻቸውንም በዚያው ይመርጡ ጀመር።

እስከዚያ ቀን ድረስ ሰባት ጠያቂ መልሰዋል። አንዱን «አንገቱ አጭር ነው» አሉ። ሌላውን «ቁልቁለት ላይ ይወላከፋል» ብለው ሸኙት። አንዱን የመንግሥት ሠራተኛ ደግሞ «ውሃ ሲጠጣ ጆሮው ይንቀሳቀሳል» ብለው መለሱት፤ ምስኪኑ እስከ ዛሬ ውሃ የሚጠጣው መስታወት ፊት ቆሞ ነው ይባላል።

ያምሮት ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሞላት። ስማቸውን ትወደዋለች። እሱም ይወዳታል፤ ለአንድ ቀሚስ አሥራ አንድ ጊዜ ለክቷታል፣ ቀሚሱም እስካሁን አላለቀም። «አባባ ይሄንንም ከመለሰው ገዳም እገባለሁ» ብላ ለእናቷ ለወይዘሮ ትደነቅ ነግራቸዋለች። የምሯን ነበር።

ስማቸው የላካቸው ሽማግሌዎች ሦስት ናቸው። ዋናቸው አያ ቸኮል፣ ከአገር አገር ሲነግዱ ያረጁ፣ መልስ የማያጡ ሰው ናቸው። በአገሩ ወግ ሽማግሌ ሲላክ ልጁ ቤቱ ሆኖ ወሬውን ይጠብቃል እንጂ አብሮ አይመጣም። አያ እንዳላማው ግን በመጀመሪያው ቀጠሮ «እኔ ሳላይ የምወስደው ነገር የለም» ስላሉ በሁለተኛው ቀጠሮ ልጁ ራሱ ቀረበ። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ «ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» ብለው በሩ አጠገብ ቆሙ።

«አፍህን ክፈት» አሉት አያ እንዳላማው።

ስማቸው ከፈተ።

«ይሄ የፊተኛው ጥርስህ ምን ነካው?»

«ክር ስበጥስበት ነው የተሸረፈው፣ አያ።»

«መቀስ የለህም?»

«አለኝ። ብቻ የት እንዳስቀመጥኩት ይጠፋኛል።»

«ይዘነጋል» አሉ ለራሳቸው። ቀጥለው እግሩን አስነሡትና ተረከዙን በጣታቸው አንኳኩ። አንድ ጆንያ ጤፍ አሸክመው ግቢውን ሦስት ጊዜ በሶምሶማ አዞሩት። ልጁ ቤት ገብቶ ጆንያውን አውርዶ ገና ትንፋሹን ሳይሰበስብ ከጀርባቸው የደበቁትን ጃንጥላ ፊቱ ላይ ቧ አደረጉበት።

ስማቸው ወደ ኋላ ዘሎ የወይዘሮ ትደነቅ እንስራ ላይ አረፈ። እንስራው ተሰባበረ።

«ደንባሪ ነው» አሉ አያ እንዳላማው ጃንጥላቸውን እያጠፉ። «ደንባሪ ለሴት ልጅ አይሆንም። ወንዝ መሐል ጥሏት ቢሮጥስ?»

ያምሮት ጓዳ ሆና ስታለቅስ ይሰማል። ነገሩ ሲወራ ያስቃል፤ ለእሷ ግን የሚያስቅ አልነበረም።

አያ ቸኮል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አያ እንዳላማው፣ እውነትዎን ነው። ይሄ ልጅ አይሆንዎትም።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ዞረው አዩዋቸው። ስማቸውማ ከጃንጥላው ይልቅ በዚህ ደነገጠ።

«ግን ባዶ እጃችንን አንመለስም» አሉ አያ ቸኮል። «ሌላ እጩ አለን። ደጅ ቆሟል።»

«ጠባዩስ?»

«ክፉ ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። መጠጥ አይቀምስም። ሳይፈቀድለት ውጭ አያድርም። የተሰጠውን ይበላል፣ የጫኑትን ይችላል።»

«እንዲህ ያለ ሰው ይዛችሁ ነው እስካሁን ያደከማችሁኝ? ያስገቡት እንጂ።»

አያ ቸኮል ወጡና የገዛ በቅሏቸውን እየሳቡ ተመለሱ። በቅሎው ደፉን ተሻግሮ ገባና ከሽማግሌዎቹ ጎን ቆመ። እንደ ወጉ እሱም አልተቀመጠም።

ሌላ አባት ቢሆን ዱላ ያነሣ ነበር። አያ እንዳላማው ግን በቅሎ ሲያዩ ሌላው ነገር ሁሉ ይጠፋቸዋል። እጅጌያቸውን ሰብስበው ቀረቡ። ከንፈሩን ፈልቅቀው ጥርሱን አዩ። «ሙሉ ነው» አሉ። ሰኮናውን አንስተው አንኳኩ። «አቤት ጥንካሬ» አሉ። ጀርባውን ዳሰሱ፣ ደረቱን ለኩ፣ ዞረው ከኋላ አዩት። በመጨረሻ ጃንጥላውን አፍንጫው ሥር ቧ አደረጉት። በቅሎው የጃንጥላውን ጫፍ ቀመሰና አልጥም ሲለው ተወው።

«አርባ ዓመት እንዲህ ያለ አልገጠመኝም» አሉ አያ እንዳላማው፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ። «አንድ እንከን የለበትም።»

«ይምላሉ?»

«እምላለሁ።»

አያ ቸኮል ጋቢያቸውን አደግድገው ለጥ ብለው እጅ ነሡ። «እንግዲያው ልጅዎን ያምሮትን ለዚህ ልጃችን ይስጡልን።»

አያ እንዳላማው ጃንጥላቸውን እንደዘረጉ ቀሩ። «ልጄን? ለበቅሎ?»

ጓዳ ውስጥ ለቅሶው ቆመ።

«ምን ጎደለው?» አሉ አያ ቸኮል። «ጥርሱን አዩ፣ ተረከዙን አዩ፣ ጉልበቱን አዩ። ልጄን ትወዳታለህ ወይ ብለው አልጠየቁ። ስትታመም ታስታምማታለህ ወይ፣ ስትቆጣህስ ትችላታለህ ወይ ብለው አልጠየቁ። በእርስዎ ጥያቄ ከሆነ ከዚህ የሚሻል ባል አገር ቢያስሱ አያገኙም፤ ይዳሯትና እንሂድ። አንድ ነገር ብቻ ከወዲሁ ልንገርዎ፣ ኋላ አልተነገረኝም እንዳይሉ፤ የልጅ ልጅ አይጠብቁ።»

ስማቸውና ያምሮት በጥር ተጋቡ፤ ሙሽሪትን ተሸክሞ የሄደው ያ ሳይቀናው የቀረ እጩ ሲሆን፣ ቂም የያዘ አይመስልም ነበር።