ስንት ረከዓ ሰገድን?

ምስጋና ለአላህ ይድረሰው፤ በነቢዩም ላይ ሰላትና ሰላም ይውረድ። ይህን ታሪክ ሦስት ጊዜ በመስጊድ መስበኪያው ሚንበር ላይ ተናግሬዋለሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ ትርጉሙ ተለዋወጠብኝ። ዛሬ ደግሞ በጽሑፍ ልሞክረው፤ ምናልባት ብዕር ስይዝ ይገባኝ እንደሁ።

ስሟን የማልጠራት አንዲት የድሮ ከተማ አለች። ከወጣቶቿ ግማሹ ዓረብ አገር፣ ግማሹ ትልቅ ከተማ ገብቶ አልቋል። በመስጊዷ በአዘቦት ቀን ሃያ ሦስት ወንዶች ይሰግዳሉ፤ ከስድሳ ዓመት በታች የሆነ አንድም የለም። ጉልበት ስለከዳቸው የፊተኛው ሶፍ፣ የሰጋጆቹ ረድፍ፣ ከዳር እስከ ዳር ወንበር ሆኗል። ልብስ ሰፊው አበጋዝ ስድሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ "ወጣቱ" የሚሉት እሱን ነው። ጣራ የሚወጣውም፣ ቀብር የሚቆፍረውም እሱ ነው። ወገቡን ያመዋል፤ ግን ለማን ይናገር?

ኢማማቸው ሸህ ጀውሀር ይባላሉ፤ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። አርባ ዓመት አሰግደዋል። ባለቤታቸው ሞተዋል፤ አንዲት ልጃቸው ዓረብ አገር ናት። የሚኖሩት በመስጊዱ ግቢ ውስጥ ለኢማም በተሠራች አንዲት ክፍል ነው። ክፍሏ የኢማም ናት እንጂ የሳቸው አይደለችም፤ ይህን ያዙልኝ።

አንድ ቀን አራት ረከዓ፣ አራት ዙር ስግደት፣ ባለው የከሰዓት ሶላት በዐስር ሸሁ ግንባር መሬት ከሚነካበት ከሱጁድ ተነሥተው ቆሙ። ከቀኝ በኩል "ሱብሃነላህ" ተባለ፤ ኢማም ሲሳሳት ወንዶች የሚያስታውሱት እንዲህ ነው። ሸሁ ተቀመጡ። ይኼኔ ከግራ በኩል "ሱብሃነላህ" ተባለ። ቆሙ። ከመጋረጃው ጀርባ ደግሞ ሐጃ ረውዳ አጨበጨቡ፤ ሴቶች የሚያስታውሱት በጭብጨባ ነው። ግን ቁሙ ማለታቸው ነው ወይስ ተቀመጡ? ማን ያውቃል። ግማሹ ቆሞ ግማሹ ተቀምጦ እንደምንም ተጨረሰና ለስሕተት ማካካሻ የሚሆነው የመርሳት ሱጁድ ተወረደ።

"አምስት ሰገድን" አሉ የቀኞቹ።

"ኧረ ሦስት ነው" አሉ የግራዎቹ።

ሐጃ ረውዳ ቢጠየቁ፣ "እናንተ ስትንጫጩ ግራ ገብቶኝ ነው ያጨበጨብኩት" አሉ። በመጨረሻ አበጋዝ፣ "ሸሁ ልክ ናቸው፤ የተሳሳትነው እኛ ነን" አለ። ሁሉም እፎይ ብሎ ተስማማ። ለጥንቃቄ ሶላቱን ደግመው ሰግደው ወደየቤታቸው ሄዱ።

በነጋታው ጁሙዓ ነበር። ሸህ ጀውሀር የዕለቱን ስብከት፣ ኹጥባውን፣ ከመጀመራቸው በፊት ወደ ሰጋጁ ጀማዓ ዞሩ።

"ወንድሞቼ፣ ትናንት ስንት እንደሰገድን አላውቅም። ወዳችሁኝ ሸፈናችሁልኝ። ያላያችሁት ደግሞ አለ። ድምፅ በማይወጣበት ሶላት ላይ ያለሷ ሶላት የማይሆነውን ፋቲሓን ቀርቼ እንደሁ የማላስታውስበት ቀን መጥቷል። ይህን ከአላህና ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ሶላታችሁ አንገቴ ላይ ያለ አማና፣ አደራ ነው። ሌላ ኢማም ፈልጉ።"

 ከመጋረጃው ጀርባ ሐጃ ረውዳ፣ "ሸሁ፣ እርስዎ ረሳሁ ካሉ እኛማ ምን ልንሆን ነው?" አሉ። ነገሩ ትንሽ የሚገባኝ እዚህ ላይ ነው። የትናንቱ መሸፋፈን ለሳቸው ብቻ አልነበረም፤ እያንዳንዱ የራሱን መርሳት ነው የሸፈነው። ሸሁ ግን ኹጥባቸውን ጀመሩ።

ሲወጡ አበጋዝ ተከተላቸው።

"አባባ፣ ክፍሏስ?"

"የኢማሙ ናት።"

"ታዲያ የት ይገባሉ?"

"የአላህ መሬት ሰፊ ነው፤ ሂድ ሥራህን ሥራ" አሉት።

በሁለት ሳምንቱ አዲስ ኢማም ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር መጣ። ሸሁ ክፍሏን በእጃቸው ጠርገው፣ በዋዜማው ለቀው ጠበቁት። በየሶላቱ በፊተኛው ሶፍ ወንበር ላይ ይታያሉ። "እንዴት አደሩ?" ሲባሉ "አልሐምዱሊላህ" ይላሉ። አበጋዝ ሸሁ በሐጃ ረውዳ ግቢ ካለችው የውጪ ክፍል የገቡ መስሎታል። ሐጃ ረውዳ አበጋዝ ወስዷቸዋል ብለዋል። አዲሱ ኢማም ደግሞ ልጃቸው ከዓረብ አገር ሆና ቤት ተከራይታላቸዋለች ብሎ አስቧል። ክፉ ያሰበ አንድም የለም፤ የጠየቀም አንድም የለም።

ሸሁ ክፍሏን በለቀቁ በአሥራ አንደኛው ቀን ሰው ሞተ። አበጋዝ ጀናዛ የሚወጣበትን አልጋ ሊያመጣ ከመስጊዱ ኋላ ወዳለችው ክፍል ሄደ። በሩን ሲከፍት ሸህ ጀውሀር ሰሌን አንጥፈው ቁርኣን ይቀራሉ። ብርድ ልብሳቸው ታጥፎ ተቀምጧል። የሬሳውን አልጋ አጥበው ወደ ግድግዳው አስጠግተውታል።

አበጋዝ አፈረ፣ አለቀሰም።

"አባባ፣ ምነው ሳይነግሩን?"

ሸሁ ቁርኣናቸውን ዘጉ። "እኔ የረሳሁትን ነግሬያችኋለሁ፤ እናንተ የረሳችሁትን ደግሞ እናንተ ንገሩኝ" አሉ።

ያን ቀን አበጋዝ ቤቱ ወሰዳቸው፤ አልሐምዱሊላህ። እኔ ግን መጀመሪያ ይህን ስናገር ስለ እውነተኝነት ነው አልኩ። ቀጥሎ ስለ ሰብር፣ ስለ ትዕግሥት ነው አልኩ። በሦስተኛው ወቀሳ ነው አልኩ፤ ግን እሳቸው ወቃሽ ሰው አልነበሩም። ምናልባት የምራቸውን መጠየቃቸው ይሆን? አላውቅም። ግራ የሚያጋባኝ ሌላ ነው፤ በዚያች ከተማ ሸሁን የማይወድ ሰው አልነበረም። ሁሉም የሚወደው ሽማግሌ እንዴት አሥራ አንድ ቀን ከሬሳ አልጋ ጋር ይኖራል?

ይህን ጽፌ ልጨርስ ስል የእናቴ ታላቅ ወንድም ትዝ አሉኝ፤ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። እህቴ ጋ ናቸው ብዬ ነበር። ደወልኩላት።

"እንዴ፣ ታናሽ ወንድማችን ጋ አይደሉም እንዴ?" አለችኝ።

አሁን እሱ ጋ እየደወልኩ ነው። ስልኩ አይነሳም።