የአዲሱ ሰፈር ምርቃት

ሆዱም ኩራቱም ያበጠ አንድ ባለሀብት፣ ያረጀ የገበያ ማዕከል አፍርሶ መኖሪያ ፎቅ፣ ሱቅና መናፈሻ ያለው ሰፈር ሊሠራ ተነሣ። ነጋዴዎቹን አዳራሽ ሰብስቦ፣ «ለእናንተም ከከተማው ዳር ቦታ አዘጋጅቻለሁ። ከዚህ በእጅጉ ይሻላል፤ እኔ ራሴ ብኖርበት ደስ ይለኝ ነበር» አላቸው። ቦታው ክረምት ከበጋ የማይደርቅ ረግረግ መሆኑን ግን ሁሉም ሄዶ አይቶታል።

ማባረሩ አልበቃው ብሎ፣ ካሜራ አስደቅኖ ክርና መርፌ ስትሸጥ እዚያው ገበያ ውስጥ ያረጀችውን ሴትዮ ጠራት።

«እማማ፣ በዕድሜ ትልቋ አንቺ ነሽ፤ በይ መርቂን። አልመርቅም የሚል ካለ፣ እዚያም ቦታ አያገኝም» አላት።

ሴትዮዋ ተነሥታ እጆቿን ዘረጋች። ሰው ሁሉ መዳፉን ለአሜን ዘረጋ፤ ባለሀብቱም አንገቱን ደፋ።

«ልጄ፣ ለእኛ ያዘጋጀህልንን ቦታ ፈጣሪ ለአንተ ያድርግልህ! ከነልጆችህ ኑርበት፤ ከዚያም አያውጣህ!»

«አሜን!» አለ አዳራሹ በሙሉ። ባለሀብቱም በልማድ አብሮ አሜን ካለ በኋላ ነገሩ ገባው።

«አንቺ ሴትዮ፣ በሰው ፊት ትረግሚኛለሽ?» ብሎ ጮኸ።

«ምነው ልጄ፣» አለች እጆቿን ሳታጥፍ፣ «ከዚህ ይሻላል ያልከን ዋሽተህ ነው እንዴ?»