የአያ ጅቦ መቶ መጻሕፍት

አንድ ጊዜ፣ አራዊት ሁሉ ፊደል በቆጠሩበት ዘመን፣ አያ ጅቦ የሚባል ሆዳም ጅብ ነበር። ሆዱ ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ ዓይኑም አይጠግብም። አንድ ቀን አራዊቱ በዋርካው ሥር ተሰብስበው ሳለ አንበሳ አህያን አስነሥቶ፣ «ይቺ አህያ ካነበበችው መጽሐፍ ባገኘችው ብልሃት የሆዴን ሕመም አዳነችልኝ» ብሎ አመሰገናት። አያ ጅቦን ቅናት አንገበገበው።

«አንድ መጽሐፍ ያነበበች እንዲህ ከተመሰገነች፣ እኔ መቶ ባነብስ?» አለና ብድግ ብሎ ቆመ። «ስሙኝ! እስከ መስቀል መቶ መጻሕፍት አንብቤ እጨርሳለሁ!»

አራዊቱ በሳቅ ፈነዱ። ያልሳቀ ቀበሮ ብቻ ነበር፤ እሱ መጽሐፍ ነጋዴ ነው።

በማግሥቱ ቀበሮ ገበያ ላይ ጠበቀው። «ጌታዬ አያ ጅቦ፣ እንደ እርስዎ ላለ ሊቅ መጽሐፍ አንድ በአንድ መግዛት ነውር ነው!» አለው። አያ ጅቦም ደረቱን ነፋ።

መጽሐፍ የሚመርጠው በአፍንጫው ነበር። የቆዳ ሽፋኑ ፍየል ፍየል ከሸተተው፣ «ይሄ ጥልቅ ሐሳብ አለው» ይልና ያደነውን ሥጋ ለቀበሮ ሰጥቶ ይወስዳል። ቤቱ ገብቶ የመጀመሪያውን ገጽ ይገልጣል፤ ሁለት መስመር ያነባል፤ ያዛጋል፤ ያንኮራፋል። ሲነቃ ሌላ ለመግዛት ይሮጣል። ዋሻው በመጻሕፍት ተሞልቶ ልጆቹ ደጅ ማደር ጀመሩ።

ሚስቱ ጅቢት መረራት። «ለመሆኑ ስንቱን አነበብህ?»

«ሰባ ሦስት ገዝቻለሁ።»

«እኔ የጠየቅሁህ ስንቱን አነበብህ ነው!»

«አይ አንቺ! ማንበቡ እኮ ቀላል ነው፤ ዋናው መግዛቱ ነው።»

ሥጋው ሁሉ ወደ ቀበሮ ቤት ስለሚሄድ ልጆቹ በረሃብ ሊያልቁ ደረሱ። አንድ ጠዋት ትንሹ ልጅ ቢጨንቀው የአንዱን መጽሐፍ የቆዳ ሽፋን ከነሙጫው ቆረጣጥሞ ዋጠው። ወዲያው ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፋ፤ መሬት ላይ እየተንከባለለ ይጮህ ጀመር።

«አህያዋን ጥራት! አንበሳን ያዳነችው እሷ ናት!» አለች ጅቢት።

«ምን? ሰባ ሦስት መጻሕፍት ያሉኝ ሰውዬ አህያ ልለምን?» ብሎ አያ ጅቦ ለቤተሰቡ ምሳ የተረፈችውን አንዲት ታፋ ይዞ ወደ ቀበሮ በረረ። ስለ ሆድ ሕመም የሚናገር መጽሐፍ ገዝቶም እያለከለከ ተመለሰ።

ጅቢት መጽሐፉን አይታ ራሷን ያዘች። «ይሄው መጽሐፍ እኮ እዚያ ክምር ውስጥ ሦስት አለ!»

«የእነዚያ ሽፋን ቀይ ነው፤ የዚህ ጥቁር ነው» አለና ቁጭ ብሎ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረ። «ይ... ህን... መጽሐፍ... ሳዘ... ጋጅ... የረ... ዱኝን... ወዳጆቼን...»

ልጁ ያቃስታል፤ አባት ምስጋና ያነባል።

ጅቢት ምራቋን እንትፍ ብላ አህያ ወዳለችበት መስክ ሮጠች። አህያ ገና ስታያት ልትፈረጥጥ ጆሮዋን አቆመች።

«አንበሳ ይሙት አልነካሽም! ልጄ ሊሞትብኝ ነው፤ ቆዳና ሙጫ ውጦ ሆዱ ተነፋ!» አለቻት ጅቢት ከሩቅ ቆማ።

አህያ አሰበች። ያላት መጽሐፍ ያው ስለ ሆድ ሕመም የሚናገረው ነው፤ በቀን አንዲት ገጽ እያነበበች ሁለት ጊዜ ጨርሳዋለች። «ተልባ ወቅጠሽ በጥብጠሽ አጠጪው፤ ሆዱን እያሸሽም ወዲያ ወዲህ አመላልሺው። አርባ ሁለተኛው ገጽ ላይ ነው» አለቻት።

ጅቢት እንደተባለችው አደረገች። ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ ልጁ የዋጠውን ሁሉ አወጣና «እናቴ፣ ራበኝ» አለ። አያ ጅቦ በዚያን ጊዜ ከምስጋናው ወደ መግቢያው ተሸጋግሮ፣ መጽሐፉን ታቅፎ ያንኮራፋ ነበር።

ጅቢት አንዱን ቀይ መጽሐፍ ለራሷ አስቀርታ ሌላውን ሁሉ ከባሏ ጋር ወደ ደጅ ወረወረች። «እኔ በቀን አንድ ገጽ አነባለሁ። ይሄ ሳያልቅ ሌላ መጽሐፍ እዚህ ቤት አይገባም፤ አንተም አትገባም!» ብላ ልጆቿን ይዛ ገባች።

አያ ጅቦ አፈረ፤ ተጸጸተም። እያነከሰ ወደ ቀበሮ ሄዶ፣ «ወዳጄ፣ መጽሐፍ መግዛት ልተው ነው፤ ምን ይሻለኛል?» አለው።

ቀበሮ ከጀርባው አንድ ወፍራም መጽሐፍ አወጣ። «መጽሐፍ መግዛት እንዴት እንደሚተው የሚያስተምር አለኝ።»

አያ ጅቦ ሽፋኑን አሸተተና ምራቁን ዋጠ። «ሁለት ስጠኝ» አለ፤ «አንዱ ቢጠፋብኝስ?»

ከዚህ የምንማረው በቀን አንድ ገጽ የሚያነብ ዕውቀት እንደሚያገኝ፣ መቶ መጽሐፍ ገዝቶ የሚከምር ግን ሻጩን ብቻ እንደሚያወፍር ነው።