የባልቴቷ ምስክሮች

ጉልበታቸው ቢደክምም ምላሳቸው ያልደከመ አንዲት ባልቴት ነበሩ። ልጅ የላቸው፣ ዘመድ የላቸው። ቀበሌው ጧሪ ለሌለው ሽማግሌና አሮጊት ውኃ የሚቀዳ፣ ልብስ የሚያጥብ ሰው በነጻ ይመድባል ሲባል ሰሙና ምርኩዛቸውን ተደግፈው ሄዱ።

የቀበሌው ሹም አቶ ደርበው ወንበሩ ላይ እንደተንጋለለ፣ «ጧሪ እንደሌለዎት በምን አውቃለሁ? ሦስት ምስክር ይዘው ይምጡ» አላቸው።

ባልቴቷ በማግስቱ ሦስት ጎረቤቶቻቸውን ለምነው አመጡ። ሦስቱም፣ «ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፤ ማንም የሚጦራቸው የለም» ብለው ማሉ።

አቶ ደርበው ይኼን ጊዜ ጠረጴዛውን መታ አደረገና ሳቀ።

«ያዝኩዎት፣ እማማ! ሰው የለኝም ብለው ሦስት ሰው አስከትለው ይመጣሉ? ሥራቸውን ጥለው የመጡልዎት እነዚህ አይደሉ? እነሱው ይጡሩዎት! የእኛ እርዳታ ለብቸኛ ሰው ነው።»

ምስክሮቹ አፍረው አንገታቸውን ደፉ። አንደኛው እንዲያውም፣ «ምነው ባልመጣን ኖሮ» ብሎ አጉረመረመ። ባልቴቷ ግን ረጋ ብለው ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ልጄ፣ እነዚህ የዕድሬ ሰዎች ናቸው። ነገ ብሞትም እንዲሁ ሥራቸውን ጥለው ይመጣሉ።»

«እሱን እኮ ነው የምልዎት!» አለ ሹሙ ደስ ብሎት።

«ታዲያ መጡ ተብሎ አብረውኝ ይቀበራሉ?»

ተራ የሚጠብቀው ባለጉዳይ ሁሉ በሳቅ አውካካ። ሳቁ ሳይበርድ አቶ ደርበው የባልቴቷን የእርዳታ ፈቃድ ጽፎ ማኅተሙን አሳረፈበት።