በየቀኑ በመኪና የሚመለሱት አባት

አንድ ነጋዴ ከከተማው ዳር፣ ቤቶቹ ሁሉ በአንድ መልክ በተሠሩበት አዲስ ሰፈር ይኖር ነበር። በመኪና ወጥቶ በመኪና ይገባል። አራት ዓመት ሲኖር ጎረቤቶቹን የሚያውቃቸው በመኪናቸው ነበር፤ “ነጯ ቪትዝ”፣ “ግራጫው ፒክአፕ” እያለ።

እናቱ በሞቱ በዓመቱ አባቱን አቶ ደግፌን ከፍቼ አመጣቸው። የቀረ ዕድሜያቸውን አብረውት እንዲኖሩ ነበር ምኞቱ። አዛውንቱ በነጋታው ከዘራቸውን ይዘው እንደ ልማዳቸው በእግራቸው ወጡ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አንድ መኪና አሳፍሮ መለሳቸው። በዚያ ሰፈር በእግሩ የሚሄድ ሽማግሌ ታይቶ ስለማይታወቅ፣ ያገኛቸው ሁሉ መንገድ የጠፋቸው ይመስለዋል። በማግስቱ ሌላ ሰው መለሳቸው። ሐሙስ ዕለትማ ከበሩ ሃምሳ እርምጃ እንኳ አልራቁም ነበር። አልጠፋሁም ቢሉም የሚሰማቸው አላገኙም።

ልጃቸው አፈረ። አባቱን የማይጠብቅ ልጅ እንዳይባል ፈርቶ፣ የመራመጃ ማሽን ገዝቶ ሳሎን ውስጥ አቆመላቸውና ከግቢ እንዳይወጡ ለመናቸው። አዛውንቱ ማሽኑ ላይ ወጡ፣ ጥቂት ተራመዱ፣ ወረዱ።

“ደግ አድርገሃል ልጄ። ግን ይሄ መንገድ ሰው የለበትም” አሉት።

ከዚያ በኋላ እህል መቅመስም ቀነሱ። በሁለተኛው ሳምንት ልብሳቸውን አጥፈው ሻንጣ ውስጥ ሲከቱ ልጃቸው ደረሰባቸው።

“ፍቼ ማን አለዎት አባባ? ቤቱ እኮ ባዶ ነው።”

“ቤቱስ ባዶ ነው። ደጁ ግን ሙሉ ነው።”

ነጋዴው እንዳይሄዱበት አጥብቆ ለመናቸው። እሳቸውም እንግዲያው ነገ ጠዋት አብረኸኝ ውጣ፣ የሻንጣውን ነገር ከዚያ በኋላ እናየዋለን አሉት።

በማግስቱ አብረው ወጡ። አዛውንቱ በየበሩ ቆም እያሉ ሰላምታ ይሰጣሉ። ለካ የመለሷቸውን ሰዎች ሁሉ መኪና ውስጥ ሳሉ ስማቸውንና ኑሯቸውን ሲጠይቁ ኖረዋል። ባለ ፒክአፑ መምህር እንደሆነ፣ ሚስቱም በቅርቡ እንደወለደች ለልጃቸው ነገሩት። ባለ ቪትዟ ወይዘሮ ብርነሽ ደግሞ ከነጋዴው ጋር አንድ አጥር የሚጋሩ ሴት ነበሩ። ባለፈው ጥር ባለቤታቸው ሲያርፉ የተተከለውን ድንኳን ነጋዴው በመኪና ሲያልፍ አይቶታል። የሠርግ መስሎት ነበር።

በራቸው ላይ ቆሞ አንገቱን ደፋ። “እግዚአብሔር ያጥናዎት። በጣም ዘገየሁ” አላቸው።

ሴትዮዋ በሩን ሰፋ አድርገው ከፈቱለት። “መምጣትህ ይበቃል። እኔማ አባትህ እስኪነግሩኝ ድረስ ያ ቤት ሰው ያልገባበት ነበር የሚመስለኝ” አሉና ፈገግ አሉ።

አዛውንቱ ከዚያ ወዲህ ፍቼ እመለሳለሁ ብለው አያውቁም። ልጃቸው ሥራ ከመሄዱ በፊት ጠዋት ጠዋት በእግሩ አብሯቸው ይወጣል፤ አንዳንዴ ወይዘሮ ብርነሽም ይከተሏቸዋል።

መኪና ከቤታችን አውጥቶ ካሰብንበት ያደርሰናል፤ ጎረቤታችን ዘንድ የሚያደርሰን ግን እግራችን ነው። በመስኮት ብቻ ያየነውን ሰፈር አለፍንበት እንጂ ኖርንበት አይባልም። ከእናንተ በር እስከ ጎረቤታችሁ በር ስንት እርምጃ ይሆን?