የሜሐር ቦታ

በአንድ ወቅት፣ ዝናብ በከዳበት ዓመት፣ በህንድ አገር በፑንጃብ ሁለት መንደሮች በአንድ ኩሬ ውሃ ተጣሉ። ደም ከመፋሰስ በካባዲ ጨዋታ ሊለዩ ተስማሙ። ያሸነፈው ዓመቱን ሙሉ ቀድሞ ይቀዳል፤ በዕለቱ ከሜዳው የቀረ መንደር እንደተሸነፈ ይቆጠራል።

በካባዲ ሰባት በሰባት ይገጥማሉ። አጥቂው «ካባዲ፣ ካባዲ» እያለ በአንድ ትንፋሽ የሜዳውን መሐል መስመር ወደ ባላጋራዎቹ ይሻገራል። ሰው ነክቶ ትንፋሹ ሳያልቅ ከተመለሰ ነጥቡ የእሱ ነው፤ ተከላካዮቹ ይዘው ካስቀሩት የእነሱ።

የአንደኛው መንደር ቡድን አለቃ አዛውንቱ ሜሐር ነበሩ። ታመው ሳሉ ሽማግሌዎቹን «የአለቃነት ቦታዬን ከልጆቼ ለሚገባው ስጡ» አሏቸው። በግጥሚያው ዕለት ማለዳ አረፉ። በአገሩ ደንብ አስከሬን በዚያው ቀን ይቃጠላል፤ እሳቱን የሚለኩሰውም የበኩር ልጅ ነው።

በኩሩ ጉርዲት ግን የአባቱን እግር ነክቶ ተነሳ። «ለሞተ ሰው ውሃ አይቀዳም። ለቆሙት እሄዳለሁ» አለና ወደ ሜዳው ወረደ።

ሁለተኛው ልጅ ካራም ከቡድኑ የሚተካከለው ተከላካይ አልነበረም። ሊጠሩት ሲመጡ ሬሳውን ሲያጥብ አገኙት። «አባቴን ለጎረቤት ትቼ አልሄድም» አላቸው። እንጨቱን ብቻውን ደረደረ፣ እሳቱን ለኮሰ፣ እስኪከስም ከአጠገቡ አልተነሳም።

ቡድኑ ስድስት ቀረ። ያን ጊዜ እህታቸው ጂንዶ ቀሚሷን አሸርጣ መጣች። አባቷ ከወንድሞቿ ጋር በግቢያቸው አሠልጥነዋታል።

«ሴት ልጅ ከወንድ ጋር ስትታገል አይተን አናውቅም» አሉ ሽማግሌዎቹ።

«እንግዲያው ሰባተኛውን አምጡ» አለች።

ሰባተኛ አልተገኘም። ገባች። የእጮኛዋ ወላጆች ከሜዳው ዳር ቆመው አዩ፤ ጨዋታው ሳያልቅም እጮኝነቱን አፈረሱ።

በመጨረሻ በአንድ ነጥብ ሲመሩ የነበሩት ባላጋራዎች ጉልበተኛ አጥቂያቸውን ላኩ። ጂንዶ ቁርጭምጭሚቱን ያዘች። በሌላው እግሩ አፏን መታት፤ ጥርሷ ረገፈ፤ ድምፁ እስኪቋረጥ አልለቀቀችም። እኩል ሆኑ። የመጨረሻው ተራ የጉርዲት ነበር። አንዱን ነክቶ ሲመለስ አራት ሆነው ተረባረቡበት። ትከሻው ወለቀ። በደረቱ እየተሳበ ጣቶቹን ከመስመሩ አሻገረ፤ መንደሩ አሸነፈ።

አመሻሹ ላይ ሦስቱ ከደጃፋቸው ተቀመጡ። አንዳቸውም አላለቀሱም። ጎረቤት ከኩሬው ውሃ አመጣላቸው፤ ጠጡ፤ ጣዕሙን ግን ማንም ልብ አላለውም።

«ቦታውን ለማን እንስጥ?» አሉ ሽማግሌዎቹ።

«እንደፈለጋችሁ» አለ ጉርዲት።

ካራም አመድ የነካ እጁን ይጠርግ ጀመር።

«ዛሬ የግድ ነው?» አለች ጂንዶ።

ሽማግሌዎቹ ሳይፈርዱ ተነስተው ሄዱ። አንዱ አባቱን ሳይሸኝ ውሃውን አስገኘ፤ አንዱ ውሃውን ትቶ አባቱን ሸኘ፤ አንዷ ማንም ሳይጠራት ገብታ ትዳሯን አጣች። እስቲ እናንተ ፍረዱ፦ የሜሐር ቦታ የሚገባው ለማን ነው?