ሦስቱ ኮምፒዩተሮች

ሩቅ ሰማይ የሚሄድ መንኮራኩር የሚሠራበት ግቢ ውስጥ አንዲት ምላሰኛ አትክልተኛ ነበረች። አለቃው ዶክተር ልሳነወርቅ እንግዶች ሰብስቦ፣ «መንኮራኩሬ ሦስት ኮምፒዩተር አለው። የሰማይ ጨረር አንዱን መትቶ ቢያስቀባጥረው ሁለቱ በድምፅ ብልጫ ይረቱታል!» ሲል፣ «እንደ እድራችን በሉኛ!» አለች። እንግዳው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ።

ዶክተሩ ተዋረድኩ ብሎ በማግስቱ ከሁለት ኃላፊዎች ጋር ለፍርድ ተቀመጠባት። ሁለቱ «ቀልድ ከሥራ አያስባርርም» አሉ። እሱ ጠረጴዛውን ደብድቦ፣ «እኔ ካልኩ አልኩ፤ ትባረራለች! የምትይው አለሽ?» አላት።

«ኧረ ጌታዬ፣ ሁለቱ ተስማምተው አንዱ ብቻውን ሲቀባጥር ጨረር መትቶት ነው ያሉን እርስዎ ነዎት። እኛ ሰፈር ምች እንለዋለን። ቁጭ ይበሉ፣ ከቢሮዎ በር ላይ ከተከልኩት ዳማከሴ ቆርጬ ልምጣ።»

ዳማከሴው ዛሬም ከቢሮው በር ላይ አለ፤ የምታጠጣውም እሷው ናት።